ሙዝ የተከለከለው የሙዝ ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበረ። አይሱዙ ነው የሚነዳው። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ይጭንና አዲስ አበባ ያራግፋል፤ አድሮ ደግሞ ይመለሳል። ዕድሜውን በሙሉ ሙዝ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው።

ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በሹፌርነቱ አይደለም። በሽተኛ በመጠየቅ ነው የሚያውቀው። ሰው ተኛ ሲባል ከዘመድ ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ማን ታመመ? ደኅና ናችሁ ሁላችሁ?" ይላል። ከጭነቱ ላይ አንድ ዘለላ ሙዝ ያነሣል፣ ይገባል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው አበቃለት!

"ሆዴ እምቢ ብሎኛል" ቢለው አይሰማም። "አፌን መሮኛል" ቢለው አይሰማም። ሙዙን ልጦ አፉ ሥር ይዞ፣ "በሞቴ! ይቺን ብቻ! ካልበላህልኝ ከዚህ አልነሣም!" ይላል። አይነሣምም። እስኪበላለት ድረስ እዚያው ነው።

ታውቁታላችሁ አይደል እንዲህ ያለውን ሰው? እዚህ ዐውደ ምሕረት ላይም መካከላችሁ ተቀምጧል። ዘወር ብላችሁ እዩት አላልኩም!

ስሙን ልንገራችሁ፤ ንገርልኝ ብሎ ራሱ ፈቅዶልኛል። ደጀኔ ይባላል። ጋሽ ደጀኔ። ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች። ኮተቤ ውስጥ ከታናሽ እኅቱ ከአሰለፈች ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት።

ይህ ሰው ግፊት ነበረበት። መድኃኒት ታዝዞለታል። ራሱን ሲያመው ይውጠዋል፣ ሲተወው ይተወዋል። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረኝ ብሎ ውሃ አይጠጣም። ወገቡን ሲያመው ማስታገሻ ይቅማል። "ደኅና ነኝ እኮ! ምን ሆንኩና!" ይላል። እናንተስ? ስንቶቻችሁ ናችሁ የግፊቱን ኪኒን ከራስ ምታት ጋር ቀጠሮ ያስያዛችሁት?

ቆይቶ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ጫማው አልገባ አለው። ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ድብልብል ይላል። ሰፈርተኛውም ሲያየው ምን አለ መሰላችሁ? "ደጀኔ፣ ተመችቶሃል! እንዴት አማረብህ!" አለው። ውሃ ነው እኮ የሞላው! መውጫ ያጣ ውሃ ፊቱ ላይ ተኝቶ፣ እኛ እንኳን ደስ አለህ እንላለን።

አንድ ቀን የባቱን ከተማ አለፍ እንዳለ ትንፋሽ አጠረው። መኪናውን ዳር አስይዞ፣ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቀረ። ሌሎች ሹፌሮች ናቸው አንሥተው ሐኪም ቤት ያደረሱት።

ተመረመረ። ዶክተሩ አጠገቡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ጥሩ ነገር አይደለም።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችዎ ሥራ አቁመዋል።"

"መቼ?" አለ ጋሽ ደጀኔ። "መቼ ነው ያቆሙት? እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ!"

"ኩላሊት አይጮህም" አለው ዶክተሩ። "ጥርስ ይጮሃል፣ ጨጓራ ይጮሃል። ኩላሊት ግን ግማሽ አቅሟን አጥታ እንኳ ለባለቤቷ ደኅና ነህ ትለዋለች። ግፊቱ ለዓመታት ሲጎዳት ኖሮ ነው።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ልቁም። እስቲ አንድ ጊዜ እጃችሁን ጨብጡ። ጨብጡ እንጂ! እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ አትፈሩ፣ አልማታችሁም። ጨበጣችሁ? በቃ፣ አንዷ ኩላሊት ያቺን ታህላለች። ሁለት አሉ፤ ከጎድናችሁ ሥር፣ ወደ ጀርባችሁ፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።

በእያንዳንዷ ጭብጥ ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ማጣሪያዎች አሉ። አንድ ሚሊዮን! ደማችሁ በዚያ ያልፋል። ቀን ያልፋል፣ ተኝታችሁ ያልፋል፣ ስትጣሉ ያልፋል፣ ስትታረቁ ያልፋል። ሁለቱ ተጋግዘው በቀን የሚያጣሩት ፈሳሽ አንድ በርሜል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከዚያ በርሜል ውስጥ ለሰውነት የሚበጀውን ለይተው፣ ውሃውን በልኩ፣ ጨውን በልኩ፣ ስኳሩን በሙሉ፣ ወደ ደም ይመልሱታል። የማይረባውን ብቻ በአንድ ሁለት ሊትር ውሃ ጠቅልለው ያስወጡታል።

ማን አስተማራቸው? ይኼ ይቅር፣ ይኼ ይሂድ ብሎ ማን አዘዛቸው? ደግሞ በዚህ አይበቃቸውም! የደማችሁን ግፊት ያስተካክላሉ፤ ደም አነሰ ሲሉ ለመቅኒያችሁ፣ "ደም ሥሪ!" ብለው መልእክት ይልካሉ። አጥንታችሁ እንዳይላላም ይሠራሉ። ሁሉንም ዝም ብለው ነው። እኛ አንድ ሻንጣ ተሸክመን ስንት እናቃስታለን! እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ሥራ ጀርባችን ላይ ደብቆ አስቀምጦታል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጸጉሬ ይቆማል፤ እውነቴን ነው።

ወደ ጋሽ ደጀኔ እንመለስ። የኩላሊት እጥበት የሚባለውን፣ ደምን በማሽን ማጠብ፣ ጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ክንዱ ላይ ሁለት ደም ሥሮችን አገናኝተው ሰፉለት፤ መርፌው የሚገባበት ሥር እንዲጠነክር ነው። እጃችሁን ብታሳርፉበት እንደ ስልክ ይነዝራል። እኔ አሳርፌበታለሁ። ወደዚያ ሥር ሁለት መርፌ ይገባል። በአንዱ ደሙ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል።

የመጀመሪያው ቀን ሲስተር ፍሬሕይወት የምትባል ነርስ ናት ከማሽኑ ጋር ያገናኘችው። ጋሽ ደጀኔ ቱቦውን አየ። ቱቦው ቀላ። ደሙ ከገላው ወጥቶ፣ ዓይኑ እያየ፣ ዞሮ ዞሮ ማሽኑ ውስጥ ገባ።

"ልጄ፣ ይሄ የኔ ደም ነው?"

"የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።"

"ይመለሳል?"

"ታጥቦ ይመለሳል። አይፍሩ።"

"ታዲያ ፊልትሮ ነው በይኛ!"

ሲስተር ሳቀች። "አዎ፣ ፊልትሮ ነው። ያቺ ረዥሟ ፕላስቲክ ትታይዎታለች? ውስጧ እንደ ጸጉር የቀጠኑ፣ መሐላቸው ባዶ የሆነ ብዙ ሺህ ክሮች አሉ። ደሙ በክሮቹ ውስጥ፣ ንጹሕ ውሃው በውጭ ያልፋል። ቆሻሻው ወደ ውሃው ይሻገራል።"

ጋሽ ደጀኔ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየው። ከአጠገቡ ለቆመ ሰው ደረቱ ድረስ ይመጣል። ግድግዳው ላይ የውሃ መስመር አለ፤ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ውሃውን የሚያጣራ ሌላ ክፍል ሙሉ ማሽን አለ። መብራት ይበላል፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ያፏጫል፣ ይጮሃል።

"ይሄ ሁሉ፣" አለ፣ "ይሄ ሁሉ የነዚያን የሁለቱን ሥራ ነው የሚሠራው?"

"ከፊሉን፣ ጋሼ። ሁሉንም አይችለውም።"

ሰውዬው አለቀሰ። መርፌው አሞት አይደለም። "የመኪናዬን ፊልትሮ በጊዜው እቀይር ነበር። ስጠርግ፣ ስነፋ፣ ከረዳት ጋር ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት። በውስጤ ይሄ ሲሠራልኝ ግን አንድ ቀን እንኳ፣ 'ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥህ' አላልኩም" አለ።

ከዚያ ክልከላው መጣ። ውሃ በልክ፤ ያውም በጣም ጥቂት፤ መውጫ የለውማ! ሽንቱ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጨርሶ ቆሞ ነበር። ጨው ተከለከለ። ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ድንችም እንደ ልብ አይበላም። ሲስተር ፍሬሕይወት ይህን ቆጠረችለትና፣

"ሙዝም" አለችው።

"ምን?"

"ሙዝ። ሙዝ አይነኩም።"

ጋሽ ደጀኔ ማሽኑ ላይ ተኝቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስተር ነገሩ አልገባትም፤ ምን ጭኖ እንደኖረ አታውቅማ።

ለምንድን ነው የተከለከለው? ስሙኝ፣ ይህ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። በሙዝ ውስጥ፣ በብርቱካን ውስጥ፣ ፖታሲየም የሚባል የጨው ዓይነት አለ። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው፤ ልብ የሚመታው በእሱም ጭምር ነው። ትርፉን ኩላሊት ታስወጣዋለች። ኩላሊት ከሌለች ግን ትርፉ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ልብን ያቆማል። ሕመም የለው፣ ጩኸት የለው፣ ድንገት ያቆማል። ስለዚህ አንድ ዘለላ ሙዝ ለእኛ መክሰስ ነው፤ ለጋሽ ደጀኔ ግን ሞት ነው።

እሺ፣ ደጀኔ ታመመ ተባለ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሲጠይቀው የኖረ ሰው ዝም ሊል ነው? መጣ እንጂ! የእድሩ መጣ፣ የማኅበሩ መጣ፣ ሹፌሩ፣ ደላላው፣ አውራጁ መጣ። በዓል ነበር፤ እሑድ። ሰው ሁሉ በፌስታል ምን ይዞ መጣ?

ንገሩኝ! ምን ይዞ መጣ? ... አዎ! ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጣ። ቤቱ አትክልት ተራ መሰለ። ለደጀኔ ሙዝ ያልያዘ ሰው ጨካኝ ሊባል ነው!

ጋሽ ደጀኔ መጀመሪያ ታገለ። "ሐኪም ከልክሎኛል" አለ።

"ሐኪም ምን ያውቃል!" አሉት። "ሙዝ ሰው ሲገድል የት ታየ? ያንተው ሙዝ አይደለም ያዳነን?"

አንዱ ልጦ ያዘለት። "በሞቴ!"

አያችሁ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ እምቢ ያለውን በሽተኛ ሰምቶ አያውቅም። አሁን እሱ እምቢ ሲል ማን ይስማው? እንዴት እንደሚባልም አያውቅበትም። አንድ በላ። ሌላዋ ሴትዮ ብርቱካን ገምሳ መጣች፤ ለእሷም በላ። የአንዱን በልቶ የሌላውን ቢተው ማስቀየም ነው።

ማታ ላይ እንግዳው ሲሄድ እኅቱ አሰለፈች ገባች። የተከለከለውን ሁሉ ዘርዝሮ አልነገራትም፤ ያን ቀን ደግሞ አቮካዶ ጨምቃለታለች። እሱ፣ "አሰሉ፣ ይቅርብኝ፣ ደክሞኛል" አላት። እሷ ግን ፊቱ ገርጥቶ ስታየው ሆዷ አልቻለም። "ጋሼ፣ እህል ውሃ ትተህ እንዴት ልትድን ነው? አፈር ስሆን! ለኔ ብለህ!" አለችው። ጠጣላት።

ክፋት ነው? አይደለም! ከፍቅር በቀር እዚያ ቤት ምንም አልነበረም። ነገር ግን ፍቅራችን ሳይጠይቅ ሲያጎርስ እንደሚገድል እዩ።

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቶ ለመቆም ሲል እግሩ ከዳው። ምላሱ ተሳሰረ። አሰለፈች ክንዱን ብትይዘው ላቡ እንደ በረዶ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሰው ተሸክሞት፣ በታክሲ እጥበት ወደሚያደርግበት ሆስፒታል ሮጡ።

ሲስተር ፍሬሕይወት ደረቱ ላይ ገመዶቹን ለጠፈች። የልቡ ምት ወረቀት ላይ ሲወጣ፣ ጠባብ ጠባብ ሆኖ መታየት የነበረበት መስመር ሰፍቶ፣ ተጎትቶ፣ ተለጥጦ ነው የወጣው። ዶክተሩን ጠራችው። ዶክተሩ በሩጫ ገባ።

"ምን በልተው ነው?"

ጋሽ ደጀኔ መናገር አልቻለም። አሰለፈች ናት የመለሰችው፤ "ሙዝ፣ ብርቱካን... እኔ ደግሞ አቮካዶ..." ከዚያ በላይ አልወጣላትም። በሩ ላይ እንደቆመች ገባት። ማንም ሳይነግራት ገባት። "በእጄ! በገዛ እጄ!" ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልብን የሚያረጋጋ መርፌ ሰጡት። ወዲያው ማሽኑ ላይ አደረጉት። ያ የሚያፏጭ ማሽን ሥራውን ጀመረ። በዘመድ ፍቅር የገባውን መርዝ ጥቂት በጥቂት ይጎትተው ጀመር። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ጠበበ። እንደገና ጠበበ። ከሰዓት በፊት ጋሽ ደጀኔ ዓይኑን ገልጦ፣ "አሰሉ የት አለች?" አለ። ተመስገን!

ከዚያ በኋላ ምክር በዛ። "ይሄን ማሽን ይተውና ጠበል ይሂድ፤ በባልዲ ይጠጣ፣ ኩላሊቱ ይታጠብለት" ያሉም ነበሩ። የንስሐ አባታቸው ሰሙ። ቁጡ ሰው ናቸው፤ መጡ። "ጠበሉን ይጠመቅ፣ እኔው አጠምቀዋለሁ" አሉ። "ሲጠጣ ግን በማንኪያ ይበቃዋል። የእግዚአብሔርን ምሕረት በሊትር የሚለካው ማን ነው? ለሐኪሙ ጥበብ የሰጠውስ ሌላ አምላክ ነው እንዴ? እጥበቱን አንድ ቀን ያስቀረው ሰው ከኔ ጋር ነው የሚጣላው!" ማንም አልተጣላቸውም።

አሰለፈች ግን እንቅልፍ አጣች። ዶክተሩ ዘንድ ሄደች። "ዶክተር፣ ወንድሜ በዚህ ማሽን እስከ መቼ ይቆያል?"

"ብዙ ዓመት የሚቆዩ አሉ። የማይቆዩም አሉ። እሳቸው ልባቸው እየደከመ ነው። የሚሻለው ንቅለ ተከላ ነው፤ ጤነኛ የሥጋ ዘመድ አንዱን ኩላሊት ቢሰጥ።"

"ሰጪውስ?"

"ሙሉ ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በአንዱ ይኖራል። ቀዶ ጥገና ስለሆነ አደጋ የለውም አልልዎትም። ትንሽም ቢሆን አለው። ግን ይኖራል።"

"እንግዲያው እኔን መርምሩኝ" አለች።

ይህን ስትል አልፈራችም እንዳትሉ። ፈርታለች! ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ፣ "ሁለታችሁንም ባጣስ?" ብሎ አልቅሷል። እሷም ቁርባን ተቀብላ መጥታ ማታ ማታ እየተነሣች የልጆቿን ብርድ ልብስ ታስተካክል ነበር። ፈርታ ነው የሄደችው።

ጋሽ ደጀኔ ሲሰማ ተቆጣ። "የእኅቴን ሥጋ ቆርሼ አልኖርም! ደግሞ ጥፋትሽን ልትከፍዪ ብለሽ ከሆነ፣ ተይው። እኔ አንቺ ላይ ምንም ነገር የለኝም።"

"ለጥፋቴ አይደለም" አለችው። "ጥፋቴንማ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሳላውቅ ነው። ስምህ ከኔ አፍ እንዳይጠፋ ነው። ጋሼ ብዬ የምጠራው ሌላ ሰው አለኝ? ካለኝ ንገረኝና ልተወው!"

ጋሽ ደጀኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረ፣ "እንግዲህ እንዳልሽ" አላት።

ምርመራው ወራት ፈጀ። ደሟ ከደሙ ጋር ተስማማ። ዝምድናቸው ተረጋገጠ። የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ።

እኔም ከዘመዶቻቸው ጋር ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ከአሰለፈች ባል አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ሰውዬው ሁለት በር ነው የሚያየው፤ በአንደኛው ሚስቱ ገብታለች፣ በሁለተኛው አማቹ።

በውስጥ የሆነውን ኋላ ቀዶ ጥገናውን የሠራው ዶክተር ነው የነገረኝ። ኩላሊቷን ከአሰለፈች አወጧት። በቀዝቃዛ ፈሳሽ ታጥባ ደሟ ሲወጣ ነጣች፣ ገረጣች፤ ሕይወት የሌላት ትመስላለች። አሮጌዎቹን አላወጧቸውም። እዚያው ትተው፣ አዲሲቱን ከፊት፣ ከሆዱ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል አስቀመጧት። ደም ሥሮቿን ከእሱ ደም ሥሮች ጋር ሰፉ። ከዚያ የታሠረውን ደም ለቀቁት።

"በዚያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀለሟን ነው የሚያየው" አለኝ። "ስንቴ ሠርቼዋለሁ፣ ግን አሁንም አልለመድኩትም።"

የጋሽ ደጀኔ ደም ገባ። ያቺ የገረጣች ጭብጥ ከጥጓ ቀላች። መሐሏ ቀላ። ሞላች፣ ሞቀች፣ በልቡ ምት ልክ መምታት ጀመረች። ከሰው አካል ወጥታ፣ በበረዶ ቆይታ፣ ሌላ ሰው ውስጥ ገብታ! ማንም ሥራሽን ጀምሪ አላላትም። የት እንዳለች የነገራት የለም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ገና ቱቦዋን ወደ ፊኛው ሰፍተው ሳይጨርሱ፣ ከጫፏ ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ አለና ፈሰሰ።

ሽንት!

በዐውደ ምሕረት ላይ ሽንት ይጠራል ወይ ብላችሁ ከንፈራችሁን እንዳትመጥጡብኝ። እጠራዋለሁ!

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ፍሬሕይወት ወጣች። ጭምብሏን ወደ ታች ሳበችና፣ "ሁለቱም ደኅና ናቸው! መሽናት ጀምሯል! ገና እዚያው ላይ መሽናት ጀምሯል!" አለች።

ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ! የአሰለፈች ባል ጎበዝ፣ ግዙፍ ሰው፣ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ሴቶቹ እልልል! ዘበኛው፣ "ኧረ ቀስ በሉ፣ ሆስፒታል ነው!" ይላል፤ ማን ሊሰማው!

ከወዲያ ማዶ አንዲት እናት ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ለማን እንደመጡ አናውቅም። እልልታውን ሲሰሙ ፊታቸው በራና፣ "እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! ወንድ ነው ሴት?" አሉ።

አንዷ ዘመድ እንባዋን እየጠረገች፣ "ልጅ አይደለም እናቴ፣ ሽንት ነው! ሽንት ነው!" አለቻቸው።

እኒያ እናት ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ሽንት?" አሉ። "የኔ ልጅ እኮ እታች እጥበት ላይ ነው። ሽንት ካየ ዓመት አለፈው።" ነጠላቸውን አስተካከሉና አንገታቸውን ቀና አድርገው እልል አሉ። የማያውቁት ሰው ስለሸና፣ ከሁላችንም በላይ እልል አሉ።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ጋሽ ደጀኔ ዛሬ በሕይወት አለ፤ መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ይውጣል፣ አንድ ቀን አያስቀርም። አሰለፈችም አለች። ዶክተሩ እንደነገረኝ በእሷ ውስጥ የቀረችው አንዷ ኩላሊት የሁለቱን ሸክም ልትሸከም በርትታለች፣ ወፈር ብላለች። ማን ነገራት፣ እኅትሽ ሄዳለችና ጨምሪ ብሎ? እኔ አላውቅም። የሚያውቀው አንድ ነው።

እናንተ በሽተኛ የምትጠይቁ፣ ጠይቁ፣ አትተዉ። ነገር ግን "በሞቴ" ከማለታችሁ በፊት፣ "ምን ፈቀዱልህ?" በሉ። እምቢ ሲል አትቀየሙት። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አጠገቡ ብትቀመጡ ይበቃል። ይበቃል ስላችሁ!

እናንተ "ደኅና ነኝ" የምትሉ፣ ነገ ሄዳችሁ ግፊታችሁን ተለኩ። ስኳራችሁን ተመርመሩ። ኪኒኑን ሲያማችሁ ብቻ ሳይሆን እንደታዘዘው ዋጡት። ይህን ማለት የሐኪም ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል። የተሰጣችሁን አደራ ጠብቁ ማለት የእኔም ሥራ ነው።

እናንተ ደግሞ፣ "እግዚአብሔር ለእኔ ምን አደረገልኝ?" የምትሉ! አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ቤት የለኝም፣ ልጄ አልተማረልኝም፣ ጸሎቴ አልተሰማም የምትሉ። እውነት ነው፣ የጎደለባችሁ ብዙ ነው፤ አላሾፍባችሁም። ግን ዛሬ ጠዋት ወደ ቅዳሴ ከመምጣታችሁ በፊት የት ገብታችሁ ወጣችሁ? ሁላችሁም ገብታችሁ ወጥታችኋል! በሩን ከፍታችሁ፣ ቸኩላችሁ፣ ስለ ታክሲው እያሰባችሁ፣ ዘግታችሁት መጣችሁ። ከናንተ መካከል ማነው እልል ያለ? ማነው አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ያለ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ መግባታችሁ አይቀርም። ስትገቡ አትቸኩሉ። የሚወርደውን ድምፅ ስሙት። በዚህ ሰዓት በዚህ ከተማ ያንን ድምፅ ለመስማት ያላቸውን ሁሉ የሚሰጡ ሰዎች ማሽን ላይ ተኝተዋል። እዚያ ውስጥ የእግዚአብሔርን ስም መጥራት ከከበዳችሁ ግድ የለም፤ ደጅ ውጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ቀና በሉና "ተመስገን" በሉ።